የዓሣን ጫጩት ቈጥሮ የነገውን ገበያ ስለ ማወቅ

እህል የሚነግድ ሰው መኸሩ ከመድረሱ በፊት ማሳውን ተመልክቶ የመጪውን ወራት ዋጋ ሊገምት ይችላል። ቡና የሚነግድም አበባው በፈካበት ጊዜ ዝናሙ እንዴት እንደ ዋለ ጠይቆ ምን ያህል ጆንያ ማዘጋጀት እንደሚገባው ያሰላል። ዓሣ የሚነግድ ሰው ግን ሸቀጡ ከውሃ በታች የተሰወረ ስለ ሆነ፣ በሣጥን ተጭኖ ከደጁ እስኪደርስ ድረስ ስለ መብዛቱም ሆነ ስለ ማነሱ የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህም ግምቱን ሁሉ የሚመሠርተው ባለፈው ሳምንት በመጣው ጭነት ላይ ነው። ይህ አገማመት አደገኛ መሆኑንና ከዚህ የተሻለ ዘዴ መኖሩን መግለጽ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ጉዳዩ ለወላይታ ሶዶና ለአካባቢዋ ነጋዴ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከወላይታ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 1,160 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋው የአባያ ሐይቅ ይገኛል፤ የብላቴ ወንዝም የዞኑን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዞ ወርዶ ወደዚሁ ሐይቅ ይገባል። ከሶዶ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው ከአርባ ምንጭ አጠገብ ደግሞ በናይል ፐርችና በቆሮሶ የታወቀው የጫሞ ሐይቅ አለ፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዘው መንገድ በሶዶ በኩል ያልፋል። በስተ ምዕራብም በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራውና በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጊቤ 3 ግድብ ቀድሞ ያልነበረ ሐይቅ ፈጥሯል፤ በዚያም ዓሣ ይሰገራል። በዐቢይ ጾም 55 ቀኖች የዓሣ ፈላጊው ሲበዛ፣ ከእነዚህ ውሃዎች የሚወጣው ሁሉ በደኅና ዋጋ ይሸጣል።

እንግዲህ ማቀዝቀዣ ለመግዛት፣ የበረዶ መሥሪያ ለማስመጣት ወይም ለአስጋሪዎች ማኅበር ቀብድ ለመስጠት የሚያስብ ሰው ሁሉ፣ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ከ2 ወይም ከ3 ዓመት በኋላ በሐይቁ ውስጥ ለገበያ የደረሰ ዓሣ ይኖራልን? የሚለው ነው።

ጭነቱ ስለ ምን አያስተማምንም?

ብዙ ነጋዴዎች፣ ሣጥኑ እንደ ወትሮው ሞልቶ እስከ መጣ ድረስ ሐይቁ ደኅና ነው ብለው ያምናሉ። ነገር ግን የጭነቱ መጠን የሚናገረው ስለ ሐይቁ ብቻ ሳይሆን ስለ አስጋሪው ድካም ጭምር ነው። ለምሳሌ ያህል 10 ጀልባዎች እያንዳንዳቸው በቀን 30 ኪሎ ቢያወጡ ጠቅላላው 300 ኪሎ ይሆናል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ጀልባዎቹ 20 ቢሆኑና እያንዳንዳቸው 15 ኪሎ ብቻ ቢያወጡ ጠቅላላው ያው 300 ኪሎ ነው። በሶዶ የሚቀበለው ነጋዴ ምንም ለውጥ አላየም፤ በሐይቁ ዳር ያለው አስጋሪ ግን የቀን ገቢው በግማሽ ቀንሶበታል። መረቡን ቢያረዝም፣ ዓይኑን ቢያጠብ፣ ርቆም ቢሄድ ጭነቱን ለጊዜው ሊያቆየው ይችላል፤ እንዲህ ሲያደርግ የሚያወጣው ግን ለከርሞ ሊያድግ የሚገባውን ነው።

ሁለተኛውም ምክንያት ዛሬ በሚዛን ላይ የተቀመጠው ዓሣ የተፈለፈለው ዛሬ አለመሆኑ ነው። በአንድ ጭነት ውስጥ ልዩ ልዩ ዕድሜ ያላቸው ዓሣዎች ይገኛሉ። ከ3 ዓመት በፊት የተፈለፈሉት በርክተው ከሆነ ዘንድሮ ገበያው ይጠግባል፤ አምና የተፈለፈሉት አልቀው ከሆነ ግን የዘንድሮው ጥጋብ ስለዚያ ምንም አይናገርም። የዛሬው ጭነት የሚመሰክረው ስላለፉት ዓመታት ነው፤ ስለሚመጡት ዓመታት የሚመሰክሩት ጫጩቶቹ ናቸው።

ይህ አሳብ ለወላይታ ሰው አዲስ ሊሆን አይችልም። እንሰት ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ ብዙ ዓመታት ስለሚፈጅ፣ አስተዋይ ባለ ጓሮ የደረሰውን ተክል ብቻ ቈጥሮ ቤቴ ጠግቦ ያድራል አይልም። ችግኙን ለብቻ፣ ተዛውሮ የተተከለውን ለብቻ፣ ለመፋቅ የተቃረበውን ለብቻ አድርጎ ያያል። ችግኝ የሌለበት ጓሮ ዛሬ ቢያምርም ከጥቂት ዓመት በኋላ ባዶ እንደሚሆን ያውቃል። የዓሣ ሊቃውንት በሐይቅ ላይ የሚያደርጉት ምርመራም በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ቈጠራው እንዴት ይደረጋል?

በሐይቅ ውስጥ ያለውን ጫጩት ሁሉ አንድ በአንድ መቍጠር የማይቻል ነገር ነው፤ የሚፈለገውም እርሱ አይደለም። የሚፈለገው አንዱን ዓመት ከሌላው ዓመት ለማነጻጸር የሚያስችል መለኪያ ነው። ስለዚህ መርማሪዎቹ በየዓመቱ በአንድ ዓይነት ወር፣ በአንድ ዓይነት ቦታ፣ በአንድ ዓይነት መረብና ለአንድ ዓይነት ሰዓት ውሃውን ይፈትሻሉ። ዓይኑ እጅግ ጠባብ የሆነ መረብ በዳር ውሃ እየጐተቱ ትንንሾቹን ይሰበስባሉ፤ ጥልቅ በሆነው ስፍራ ደግሞ ከጠባብ እስከ ሰፊ ልዩ ልዩ ዓይን ያላቸውን መረቦች አከታትለው ይዘረጋሉ። ከዚያም በእያንዳንዱ ጕተታ ወይም በአንድ ሌሊት ዝርጋታ የተገኘውን ቍጥር፣ ዓይነትና ርዝመት ይመዘግባሉ። አምና በአንድ ጕተታ 200 ጫጩት ተገኝቶ ዘንድሮ 50 ቢገኝ፣ የሐይቁን ጠቅላላ ቍጥር ሳያውቁ እንኳ የዘንድሮው ትውልድ የአምናውን ሩብ ያህል መሆኑን ይገምታሉ።

የት እንደሚፈለጉ ማወቅም የሥራው ክፍል ነው፤ የዓሣዎች አወላለድ እንደየዓይነታቸው ይለያያልና። እናቲቱ ቆሮሶ እንቍላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም ከአፏ ከወጡ በኋላ ሣርና ደንገል ባለበት በዳር ውሃ ያድጋሉ። አምባዛ በዝናም ወራት ውሃው ወደ አጥለቀለቀው ሣራማ ስፍራ ወጥቶ እንቍላሉን ይጥላል። ናይል ፐርች ግን በሚልዮን የሚቈጠሩ ጥቃቅን እንቍላሎች ወደ ውሃው ይለቃል፤ ከእነዚያ ውስጥ የሚተርፉት እጅግ ጥቂቶች ስለ ሆኑ፣ የመትረፉ ዕድል በትንሹ እንኳ ሲለወጥ በአንድ ዓመት ትውልድና በሌላው መካከል ብዙ ልዩነት ይፈጠራል። ቆሮሶን ከዳር፣ አምባዛን ከጐርፍ አፋፍ፣ ናይል ፐርችን ከሰፊው ውሃ የማይፈልግ መርማሪ የተሳሳተ ቍጥር ይዞ ይመለሳል።

ቀጥሎ የሚመጣው የዕድሜ ነገር ነው። በዓሣ ራስ ውስጥ የጆሮ ድንጋይ የሚባል ትንሽ ጠጣር ነገር አለ፤ ዓሣው ባደገ ቍጥር በዚህ ድንጋይ ላይ እንደ ዛፍ ግንድ ያለ ቀለበት ይጨመርበታል። በቀዝቃዛ አገር ክረምቱ የዓሣውን ዕድገት ስለሚገታ የዓመቱ ቀለበት በግልጥ ይታያል። በእኛ አገር ውሃው ዓመቱን ሙሉ ሙቀት ስላለው ይህን ማንበብ ይከብዳል፤ ሆኖም በጫጩቱ ድንጋይ ላይ በየቀኑ የሚሠራውን ረቂቅ ቀለበት በማጕያ መነጽር መቍጠር ይቻላል። ደመቀ አድማሱና ኢንግማር አሕልግሬን የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት የዝዋይን፣ የላንጋኖንና የጫሞን ጫጩት ቆሮሶዎች ዕድገት በዚህ ዘዴ መርምረዋል። እንዲህ ያለው ሥራ ጫጩቱ በየትኛው ወር እንደ ተፈለፈለና በምን ፍጥነት እንደሚያድግ ስለሚያሳይ፣ ለገበያ የሚደርስበትን ጊዜ ለማስላት መሠረት ይሆናል።

በመጨረሻም የጫጩቱ መለኪያ ኋላ ከሚወጣው የገበያ ዓሣ ጋር ይነጻጸራል። ይህ በብዙ ዓመታት ከተደጋገመ፣ የጫጩቱ ቍጥር ይህን ያህል በሆነ ጊዜ ከዚህን ያህል ዓመት በኋላ ጭነቱ ይህን ያህል ይሆናል ለማለት የሚያስችል መጠን ይገኛል። ከአንድ ዓመት ቈጠራ ትንቢት መጠበቅ ግን አይገባም።

በሌሎች አገሮች የታየው

የዚህ ዕውቀት መሠረት የተጣለው በኖርዌይ ነው። ዮሐን ዮርት የተባለው የኖርዌይ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1914 ባወጣው ጽሑፍ፣ የዓሣ መብዛትና ማነስ የሚመጣው ዓሣው ከቦታ ቦታ ስለሚሰደድ ብቻ ሳይሆን፣ በአንዳንድ ዓመት የተፈለፈለው ትውልድ ከሌላው እጅግ ስለሚበልጥ መሆኑን አስረዳ። በ1904 የተፈለፈለው የሄሪንግ ዓሣ ብቻውን ለብዙ ዓመታት የኖርዌይን አስጋሪዎች መረብ ሲሞላ መታየቱ ለዚህ ዋና ምስክሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሰሜን ባሕር ዙሪያ ያሉት መንግሥታት በ1960ዎቹ መርከቦቻቸውን አስተባብረው የሄሪንግን ጫጩት በየዓመቱ መፈተሽ ጀመሩ፤ ይህም ሥራ እየሰፋ ሄዶ ሌሎችንም የዓሣ ዓይነቶች የሚያጠቃልል ሆኗል።

ለነጋዴ ይበልጥ ግልጥ የሚሆነው ግን የምዕራብ አውስትራልያ ምሳሌ ነው። በዚያ አገር ሎብስተር የሚባል፣ ጠንካራ ቅርፊት ያለው የባሕር እንስሳ ወደ ውጭ አገር እየተላከ ብዙ ገንዘብ ያስገኛል። ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሊቃውንቱ የባሕር ሣር የሚመስል ሰው ሠራሽ መጠለያ በዳር ውሃ አኑረው፣ ከባሕር ወጥተው የሚጠጉበትን ጫጩቶች ይቈጥራሉ። ጫጩቱ ለመያዝ የሚደርሰው ከ3 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ ስለ ሆነ፣ ነጋዴውም መንግሥቱም የሚመጣውን ከብዙ ዘመን አስቀድመው ያያሉ። በ2008 እና በ2009 መካከል የተገኘው ቍጥር በ40 ዓመት ውስጥ ከታየው ሁሉ ያነሰ ሆነ። በዚያን ጊዜ በገበያው ገና ምንም ጕድለት አልነበረም፤ መንግሥቱ ግን ችግሩ እስኪመጣ ሳይጠብቅ የማስገሩን ሥራ አስቀድሞ ቀነሰ። ጥቂቱ ትውልድ ለመያዝ በደረሰ ጊዜ በውሃው ውስጥ ከቀድሞው ትውልድ የቀረ ተቀማጭ ነበረ፤ ንግዱም ሳይፈርስ ቀረ።

በጣና የደረሰው

በኢትዮጵያም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ምርመራ ተደርጓል፤ ነገር ግን ውጤቱ ያስደነገጠ ነበር። በጣና ሐይቅ በሞተር ጀልባ የሚደረገው የንግድ ማስገር የተጀመረው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት አስጋሪው በደንገል ታንኳ ከዳር ሳይርቅ ይሠራ ነበር። አዲሱ ጀልባና ረጅሙ መረብ ግን ለመራባት ወደ ወንዞች አፍ የሚሰበሰበውን ትልልቅ ዓሣ በብዛት ለመያዝ አስቻለ። በሐይቁ የሚገኙት፣ በሳይንስ ላቤዮባርበስ የሚባሉት ዓሣዎች ብዙዎቹ በክረምት ወራት ወደ ወንዝ እየወጡ የሚራቡ ናቸውና አንድ ወቅትና አንድ ቦታ ጠብቆ መያዝ ቀላል ሆነ።

የኔዘርላንድና የኢትዮጵያ ሊቃውንት፣ ከእነርሱም መካከል ማርቲን ደ ግራፍና ተስፋዬ ውድነህ፣ በ1991 እና በ1993 መካከል የተገኘውን መረጃ ከ1999 እስከ 2001 ከተገኘው ጋር አነጻጸሩ፤ ዓመቶቹ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ዓሣዎች በዚያ ባልበዛ ጊዜ ውስጥ በሦስት ሩብ ያህል መቀነሳቸውን አገኙ፤ ጫጩቶቹም እጅግ ተመናምነው ታዩ። ይህ ማለት የተያዘው ትልልቁ ዓሣ ብቻ ሳይሆን፣ በእርሱ ፈንታ ሊተካ የሚገባው ትውልድ ጭምር አልተወለደም ማለት ነው። ሊቃውንቱ ምክንያቱን ሲዘረዝሩ በመራቢያ ወራት የሚዘረጋውን መረብና በወንዞች ውስጥ ዓሣን ለማደንዘዝ የሚበተነውን የብርብራ ፍሬ ጠቅሰዋል።

ነጋዴው ከዚህ የሚማረው ነገር አለ። ጫጩቱ በሚመናመንበት በዚያው ጊዜ በባሕር ዳር ገበያ ዓሣ ይሸጥ ነበር። ጕድለቱ አስቀድሞ የታየው በነጋዴው የሒሳብ መዝገብ ሳይሆን በመርማሪው ጠባብ መረብ ውስጥ ነው።

ቈጠራው የማይችለው

ይሁን እንጂ ስለ ቈጠራ ከሚገባው በላይ ማመንም ጕዳት አለው። የተቈጠረው ጫጩት ለገበያ እስኪደርስ ድረስ በሌላ ዓሣ ሊበላ፣ በበሽታ ሊሞት፣ ወይም ጠባብ ዓይን ባለው መረብ ያለ ጊዜው ሊያልቅ ይችላል። የአባያ ሐይቅ ውሃ በደቃቅ አፈር ምክንያት ቀላ ያለ ቡናማ መልክ ያለው እንደ መሆኑ፣ ከተራራው እየታጠበ የሚወርደው አፈር ከበዛ በዳር ያለውን የጫጩት ማደጊያ ሊሸፍነው ይችላል። ስለዚህ የብላቴን ተፋሰስ ደንና እርከን መጠበቅ የገበሬው ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የዓሣ ነጋዴውም ጉዳይ ነው።

የቈጠራ ስሕተትም ትልቅ ጥፋት ሊያመጣ ይችላል። በካናዳ፣ በኒውፋውንድላንድ ጠረፍ ኮድ የሚባለው ዓሣ ለብዙ መቶ ዓመታት የንግድ ምንጭ ሆኖ ኖሯል። ሀብቱ በሚገመትበት ጊዜ የታላላቅ መርከቦች የአንድ ቀን ገቢ ደኅና መሆኑ እንደ መልካም ምልክት ተቈጠረ፤ ነገር ግን መርከቦቹ በመሣሪያ እየተመሩ የቀረው ዓሣ ወደ ተከማቸበት ቦታ ብቻ ይሄዱ ስለ ነበር ገቢያቸው የባሕሩን ባዶነት ሸፈነው። በመጨረሻ መንግሥቱ በጁላይ 2 ቀን 1992 እ.ኤ.አ. ማስገሩን ከለከለ፤ 30,000 ያህል ሰዎችም ሥራ ፈቱ። ቈጠራ የሚረዳው ከአስጋሪው ገቢ ተለይቶ፣ ዓሣ ባለበትም በሌለበትም ቦታ በእኩል ሲደረግ ብቻ መሆኑን ይህ ያስተምራል።

ስለ ጊቤ 3 አዲስ ሐይቅ

ይህ ሁሉ ለወላይታ ነጋዴ ይበልጥ የሚጠቅመው በጊቤ 3 ሐይቅ ነገር ነው። አዲስ ግድብ መሬትን ሲያጥለቀልቅ፣ የሰጠመው ሣርና ቅጠል በስብሶ ለውሃው ምግብ ይሆነዋል፤ የሰጠመውም ቍጥቋጦ ለጫጩት መሸሸጊያ ይሰጣል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዓሣው ይበዛል። ይህ ምግብ ሲያልቅ ግን ብዛቱ ይቀንስና ከቀድሞው ባነሰ መጠን ይረጋል። በዛምቢያና በዚምባብዌ መካከል የሚገኘው የካሪባ ሐይቅ ከ1958 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ሲሞላ በዳር ውሃው ይሰገር የነበረው ዓሣ እንዲህ ሆኖ ነበር፤ አስቀድሞ በዝቶ ኋላ ቀንሷል።

እንግዲህ አንድ ሰው የአዲስ ሐይቅን የመጀመሪያ ዓመታት ገቢ ለዘወትር የሚቀጥል አድርጎ ገምቶ፣ በብድር ታላቅ ማቀዝቀዣ ቢገዛ፣ ዕዳው ሳያልቅ ዓሣው ሊያንስበት ይችላል። ዳሩ ግን ጫጩቱ በየዓመቱ ከተቈጠረ፣ ቅናሹ ወደ ገበያ ከመድረሱ በፊት ስለሚታይ መጠኑን አውቆ ለመሥራት ጊዜ ይገኛል።

ነጋዴው ምን ያድርግ?

ቈጠራ የሊቃውንት ሥራ ቢሆንም ነጋዴው ተመልካች ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባውም።

1ኛ፤ ለዓሣ ንግድ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ስለ ጫጩቱ ይጠይቅ። በሰበታ ባለው የዓሣ ምርምር ማዕከል፣ በአርባ ምንጭና በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ሐይቆቹ የተጠና ነገር እንዳለ መጠየቅ፣ ማቀዝቀዣው ተገዝቶ ባዶውን ከመዋል እጅግ ይረክሳል።

2ኛ፤ ዓሣ ተቀባዩ ራሱ ማስመሪያና ደብተር ይያዝ። በየሳምንቱ ከሚመጣው ጭነት ጥቂት ሣጥኖች መርጦ የዓሣዎቹን ርዝመት በየዓይነታቸው ቢጽፍ፣ ዓሣው ከዓመት ወደ ዓመት እያጠረ መሄዱን ወይም አለመሄዱን ያያል። ጭነቱ ሳይቀንስ ርዝመቱ ካጠረ ሐይቁ ጫጩቱን መክፈል መጀመሩን ይወቅ። ተዘልዝሎ በፊሌቶ መልክ የሚመጣውን የሚቀበል ሰው ይህን ምልክት ስለማያይ፣ አስቀድሞ ከሐይቁ ዳር እንዲለካለት ያድርግ።

3ኛ፤ ያልደረሰ ዓሣ አይግዛ። ገዢ ያጣ ትንሽ ዓሣ አስጋሪውን የመረቡን ዓይን እንዲያሰፋ ያስገድደዋል። ዛሬ በርካሽ የተገዛው ጫጩት ቢቈይ ኖሮ ክብደቱ ብዙ እጥፍ ሆኖ፣ ከመያዙም በፊት ወልዶ በተገኘ ነበር።

4ኛ፤ መረብ አስመጪና መረብ ሻጭ የሚያመጣውን ዕቃ ይመርምር። ዓይኑ እጅግ የጠበበ መረብ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ሲታይ ፈላጊ ያለው ሸቀጥ ይመስላል፤ በሐይቁ ዳር ግን የሌላውን ነጋዴ የከርሞ ጭነት የሚጠርግ ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315/1995 የወጣውም ሀብቱ ከመጠን ያለፈ ማስገር እንዳያጠፋው ለመጠበቅ ነው፤ አስመጪው ከማዘዙ በፊት ስለ ተፈቀደው የመረብ ዓይን የሚመለከተውን የግብርና መሥሪያ ቤት ቢጠይቅ ከኪሣራም ከክርክርም ይድናል።

5ኛ፤ ነጋዴዎች በኅብረት ቈጠራውን ይርዱ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አንድ ጀልባ፣ ጥቂት መረብ፣ ነዳጅና በየዓመቱ በዚያው ወር የሚመለስ ሠራተኛ ነው። ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ነው፤ አንድ ዓመት ተሠርቶ ሁለት ዓመት የተቋረጠ ቈጠራ ዋጋ የለውምና። ለአንድ ነጋዴ የሚከብደው ወጪ ለብዙዎች ሲከፈል ቀላል ይሆናል።

ሐይቅ በር የሌለው መጋዘን ነው፤ ዕቃውን ግን እንደ ሌላ መጋዘን ገብቶ ለመቍጠር አይቻልም። ከጫጩቱ ተነሥቶ መገመት ግን ይቻላል። ይህን ያወቀ ነጋዴ ቀብዱን በልክ ይሰጣል፣ ማቀዝቀዣውን በልክ ይገዛል፣ በጾሙ ወራትም ለደንበኛው የገባውን ቃል ለመፈጸም አይቸገርም።